ከላይ የማይታየው ደመና

የአባቴን ዓይን ሞራ ሲጋርደው በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ማን ይቀበለኛል? በሞራው አይደለም፣ አይ! ስለፈለጉኝ ነው። እሳቸው ከግራና ከተማ በላይ ባለችው መንደራችን ጤፍ የሚወቃበትን ቀን የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። «አንቱ፣ ዛሬ እንዴት ነው?» ሳይባሉ ማንም ክምሩን አያፈርስም። ጤፍ ተከምሮ ሳለ ዝናብ ብዙም አይደፍረውም፤ ፈርሶ አውድማ ላይ ከተበተነ ግን ካፊያም ይበቃዋል። ዓይናቸው ሲደክም ታዲያ ወልድያ፣ የመለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ላለሁት ለእኔ መደወል ጀመሩ። «እስቲ ያቺ ስልክሽ ምን ትላለች?» ይሉኛል።

ስልኬ የምታሳየው ሳተላይት ያነሳችውን ፎቶ ነው። ነጭ ከሆነ ደመና፣ ጠቆር ካለ ጥርት ያለ ሰማይ። የማውቀው ይቺኑ ነበር፤ አፌ ግን የሊቅ ነበር።

አምና ታኅሣሥ፣ ገብርኤል ሳይደርስ፣ ጎረቤቱ ለአባቴ ጅጊ ሊወጣ ተስማማ። ጅጊ እኛ ዘንድ ሰውም በሬም ተሰብስቦ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን የሚያነሳበት ነው። ሊነጋጋ ሲል ደወሉልኝ።

«ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ ጉንጬን እያረጠበኝ ነው፤ አልወደድኩትም» አሉ።

ፎቶውን አየሁ። ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከመርሳም እስከ ቆላው ጥቁር ነው።

«ኧረ አባዬ! አንዲት ደመና የለችም። ያፍርሱት!»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው ክምሩን አስፈረሱ።

ረፋድ ላይ ደመናው ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ተደግፎ ወጣ። ካፊያ ነው፣ ድምፅ እንኳ የለውም፤ ግን አላቋረጠም። የዓመት ቀለባቸው ከአውድማው ጭቃ ጋር ተለወሰ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

ወሬውን ሰምቼ በሚኒባስ ከንፌ ከሰዓት በኋላ ስደርስ፣ ጎረቤቶቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ ሊመለሱ ነው። አባቴ አውድማው ዳር ቆመው «ይቅር በሉኝ፣ ቀናችሁን አቃጠልኩባችሁ። ዓይኔ ነው የከዳኝ» ሲሏቸው ሰማሁ። የእኔን ስም አላነሱም። እኔ ደግሞ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ያን ዓመት ጤፍ ከመርሳ ገበያ ገዝቼ ላኩላቸው፤ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «አንቱ፣ ዛሬ እንዴት ነው?» የሚላቸው ሰው ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያዳምጣሉ፤ ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቷቸው ያልፋል።

ሱቄ የሚመላለስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ደንበኛ አለኝ። የዚያን ቀን ፎቶ አሳየሁትና «ይቺ ሳተላይት ዋሽታኛለች» አልኩት። ሳቀብኝ።

«እሷ አልዋሸችም፤ ማንበቡን ያላወቅሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ፣ እጅግ ሩቅ ሆና ከምድር እኩል ስለምትዞር ሁልጊዜ እኛኑ ታያለች። ፀሐይ ሳትወጣ ግን የምታነሳው ሙቀትን ነው፤ ቀዝቃዛውን ነጭ፣ ሞቃቱን ጥቁር አድርጋ ታወጣዋለች። ከፍ ያለ ደመና ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጭ ይወጣል። በበጋ ከቆላው እየተሳበ የሚመጣው ዝቅተኛ ደመና ግን ሙቀቱ ከመሬቱ ብዙም ስለማይለይ መሬቱን መስሎ ይቀራል። «በብርሃን የሚነሳውን ፎቶ መጠበቅ ነበረብሽ» አለኝ። «ወይ ደግሞ እታች ያለ ሰው መጠየቅ።»

እታች ያለ ሰው! አባዬ ነግረውኝ ነበር እኮ።

ዘንድሮ የጎረቤታችን ጤፍ ሊወቃ ሲል እኔም መንደር ነበርኩ። ገና ፀሐይ አልወጣችም። ባለ ክምሩና ጅጊ የመጣው ሰው ስልኬን ከበቡት። ፎቶው እንደ አምናው ጥቁር ነው።

«ምን ትላለች?» አለኝ ባለ ክምሩ።

«እሷ ብቻዋን አትበቃም» አልኩ። «አምና አፍርሱት ያልኩት እኔ ነኝ። አባዬ ነፋሱን አልወደዱትም ነበር፤ ዓይኔ ከዳኝ ያሉት እኔን ሊሸፍኑ ነው።»

ባለ ክምሩ ስልኬን ትቶ አባቴ ወደተቀመጡበት ሄደ። ጎንበስ አለላቸው።

«አንቱ፣ ዛሬ እንዴት ነው?»

አባቴ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ምሥራቅ ዞሩና ብዙ ቆዩ።

«ነፋሱ ደረቅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አፍርሱት።»

ጋቢያቸውን ላስተካክልላቸው ስጠጋ ጉንጫቸው በእንባ እርጥብ ነበር።