የአባቴ ከተሞች እና የቤዝቦሉ ራዲዮ

ከቡሬ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደት ሲነሳ ሰው ሁሉ በጨለማ ተደብቆ የወጣ ይመስላል፤ እኔን ግን ግማሹ ሰፈር መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኛል። ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ ደርሼ እመጣለሁ ስላልኩ ያለቀሰም አልነበረም፤ እንዲያውም አንዲት ጎረቤታችን የጫማ ቁጥሯን ነገረችኝ። እንደማልመለስ የሚያውቁት አባቴ ብቻ ነበሩ። ታስሬ ከተፈታሁ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ነበሩ።

አባቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አገር ከተሞችን በካርታ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ራሳቸው ከአዲስ አበባ አልፈው አያውቁም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱ ሥር ቆመው፣ «ይሁኔ፣ ሌላ ነገር ላክልኝ አልልህም። የምታየውን ከተማ ሁሉ ግን ንገረኝ። ወንዙን፣ ከፍታውን፣ ሰዉ በምን እንደሚኖር» አሉኝ። እሺ አባባ አልኩ። ምን ያቅተኛል ብዬ!

እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖርበት አንድ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ አሌክሳንድሪያ የምሠራበት አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ፣ በመካከላቸው ባቡር። ባቡሩም ብዙውን መንገድ የሚሄደው ከመሬት በታች ነው፤ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር ግን ብቅ ይላል። ስለዚህ ለአባቴ ፖቶማክን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። «ከዓባይ ይሰፋል?» ብለው ጠየቁኝ። «እዚህ ጋ ይሰፋል አባባ።» «ድምፁስ?» ድምፅ የለውም ስላቸው አዘኑለት።

ሌላ ቦታ ያልሄድኩት ኬዜን ስለምጠብቅ ነው። ጥገኝነት ጠይቄ ኢንተርቪው ተደርጌያለሁ። የጠየቀኝ ኦፊሰር ትሁት ወጣት ነበር፤ ውሃ ሁሉ አቀረበልኝ። «ስለ መታሰርህ ከራስህ ሌላ የጻፈ አለ? ጋዜጣ ወይም ድርጅት?» አለኝ። «ያሰሩኝ ሰዎች ደረሰኝ አይሰጡም» አልኩት። አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጠች፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ እንዳለ መዘገበው። ከዚያ ወዲህ መልሱ «ፔንዲንግ» ነው፤ ገና አልተወሰነም። ጠበቃዬ ደብዳቤ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል፣ ቀጠሮ ካለፈህ አለቀልህ ካለችኝ ጀምሮ፣ የፖስታ ሳጥኑን ሳላይ ማደር እፈራለሁ።

ሳጥኑም የእኔ አይደለም፤ የአከራዬ የእትዬ ጽጌ ነው። ለራሴ ስም አንድ ትንሽ ሳጥን ላድርግ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከነማማሰያቸው ከኪችን ወጡ።

«ቤዝመንት እኮ ራሱን የቻለ ቤት አይደለም ይሁኔ። የቤቱ አካል ነው። አድራሻ የለውም።»

«እኔ ግን የምኖረው እዚያ ነው እትዬ።»

«ኑር! ማን አትኑር አለህ? ፖስታህ በእኔ በኩል ይመጣል፣ ሴፍ ነው። ደግሞ ያንን ራዲዮ ቀንስልኝ። ጎል የሌለው ጨዋታ ምን ያስጮህሃል?»

ራዲዮው የቤዝቦል ነው። የጀመረኝ ሥራ ቦታ ነው፤ ቤት ስሆን በስልኬ እከፍተዋለሁ። ጋራዡ መውጫ ላይ በመስታወት የታጠረች ቡዝ አለች፤ ውስጧ አንድ ወንበር፣ የመውጫውን ዘንግ የሚያነሳ ቁልፍና ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ትቶት የሄደው ራዲዮ። ራዲዮው ከአንድ ጣቢያ በቀር አይስብም፤ ጣቢያው ደግሞ የከተማውን የቤዝቦል ቡድን ያስተላልፋል። የገና ጨዋታ ሲጫወት ያደገ ሰው ዱላና ኳስ አይገርመውም፤ የሚገርመው ጨዋታው አለማለቁ ነው። እኔ መቼም የሚቸኩል ሰው አይደለሁም፣ አዳመጥኩ። ተንታኙ በየመሀሉ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ርቀው ለሚያዳምጡት ሰላምታ ያቀርባል፤ ከምበርላንድ ላላችሁ፣ ሳልስበሪ ላላችሁ፣ ሃሪሰንበርግ ላላችሁ። የየከተማው ትንንሽ ጣቢያዎች ጨዋታውን ተቀባብለው ያደርሱታል፤ ኔትዎርክ የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ታዲያ የተጫዋቾቹን ስም ሳልይዝ ከተሞቹን ያዝኩ።

ለአባቴም እነሱን መንገር ጀመርኩ። በዓይኔ እንዳላየኋቸው ደብቄ አላውቅም። «ግድ የለም፣ የሰማኸውን ንገረኝ» አሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፤ ስለ ቡድኑ ረጅም ጽሑፍ አለው፣ ስለ ራዲዮ ኔትዎርኩ ግን የለውም። እኔ ጻፍኩት። መኪና በሌለ ሰዓት፣ ቡዟ ውስጥ፣ በስልኬ። የየጣቢያውን ከተማ፣ ከከተማው የሚያልፈውን ወንዝ፣ ሕዝቡ የሚተዳደርበትን ሥራ ሳይቀር አስገባሁ። ስለ ራዲዮ ለተጻፈ ጽሑፍ ይህን ያህል ወንዝ ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን የጻፍኩት ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

አባቴ በደስታ ሊያብዱ ምንም አልቀራቸውም። ፋርማሲ ያላት ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ስልኳን ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በቀን አንድ ከተማ ያነባሉ። አንድ ብቻ! ቶሎ እንዳያልቅባቸው። ማታ ይደውሉና፣ «ሳልስበሪ ሜዳ ነው፣ ዶሮ ማርባታቸው ትክክል ነው» እያሉ ያርሙኛል፣ ያጸድቁልኛል። ከሄድኩ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

አንድ ቀን ጽሑፉን ስከፍት አናቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል ይላል። ሐሳቡን ያቀረበው ራሱን ሰማያዊ ጉጉት ብሎ የሚጠራ ሰው ነው።

ጉጉቱ እንዲህ ብሏል፦ «ቡድኑ ታዋቂ ነው። ኔትዎርኩ ግን ከቡድኑ ተነጥሎ የራሱ ጽሑፍ እንደሚገባው የሚያሳይ ነገር የለም። የተጠቀሱት ምንጮች የቡድኑና የጣቢያዎቹ የራሳቸው ናቸው። ከራሱ ሌላ ስለ እሱ የጻፈ አለ?»

ያ ውሃ ያቀረበልኝ ልጅ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። «ጣቢያዎቹ ባይኖሩ ከምበርላንድ ያለ ሰው ቡድኑን በምን ይሰማዋል?» ብዬ መለስኩ። «ጠቃሚ መሆን ሌላ፣ የራሱ ጽሑፍ የሚገባው መሆን ሌላ» አለኝ። ባለጌ አልነበረም፤ ባለጌ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እትዬ ጽጌ ማማሰያቸውን ይዘው የነገሩኝን ነው በጨዋ ቋንቋ የደገመልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለጋሼ ወርቁ አጫወትኳቸው። ጋሼ ወርቁ አገር ቤት ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ ከስፕሪንግፊልድ እስከ ጀርመንታውን የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

«ባላጋራህ ማን ይባላል?»

«ጉጉት።»

«የአባቱስ ስም?»

«አይታወቅም ጋሼ። ክስ እኮ አይደለም፣ ዲስከሽን ነው።»

«ዲስከሽን ከሆነማ ሽማግሌ ይገባበታል» አሉና ሁለት እኩዮቻቸውን ጠሩ።

መከልከል ነበረብኝ፤ ግን ሽማግሌ ተነስቶልህ እንዴት ተቀመጡ ትላለህ? አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ከበን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ኢንተርኔት ለሦስቱም አካውንት ተከፈተላቸው። ጋሼ ወርቁ ቆመው አስጻፉኝ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። «ወንድማችን ጉጉት፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ አባቱም መምህር ናቸው። አጥፍቶ ከሆነ እኛ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጽሑፉን ግን ለእኛ ስትል ተውለት፤ እግዚአብሔር ያክብርህ።» ሁለቱም በየተራ «እኔም እንደ ወንድሜ» አሉ። ወጥተን ስንሰነባበት ሦስቱም እርቅ የፈጸሙ ያህል ፊታቸው በርቶ ነበር።

በማግሥቱ መልስ መጣ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቃል የጻፉ ሦስት አዲስ አካውንቶች ምናልባት አንድ ሰው ናቸው፤ ያም ሰው ጸሐፊው ራሱ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይህ ድምፅ መስጫ አይደለምም ይላል። እኔም እንዳልጽፍ ታገድኩ። ለጋሼ ወርቁ ደወልኩላቸው።

«እኔ አንተ ነኝ አለ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሦስታችንም አንተ ነን?»

«ሦስታችሁም።»

«አይዲዬን ስካን አድርጌ ልላክለት?» አሉ። ስቄ ሳልጨርስ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት፤ እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ ቀስ ብለው ዘጉት።

ክርክሩ ሲያልቅ የቀረውን ያየሁት እንደ ማንም መንገደኛ ከውጭ ሆኜ ነው። ኔትዎርኩን ብሎ የሚፈልግ ሁሉ አሁን በቀጥታ ወደ ቡድኑ ገጽ ይወሰዳል። እዚያ፣ ከታች አካባቢ፣ የቡድኑ ጨዋታዎች በአካባቢው ጣቢያዎችም ይተላለፋሉ የምትል አንዲት መስመር አለች። ከተማ የለም፣ ወንዝም የለም። ጉጉቱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ መጽሐፍ መጽሐፍ እንዲሆን ወሰን ያስፈልገዋል። ግን አለቀስኩ፣ ምን ልበላችሁ።

አባቴ በምሳ ሰዓት ደወሉልኝ። ቡዟ ውስጥ ነበርኩ።

«ይሁኔ፣ የፋርማሲዋ ልጅ ስልክ ተበላሽታ ነው መሰለኝ። ከተሞቹን ስከፍት ቡድኑ ይመጣብኛል።»

«አልተበላሸችም አባባ። አጥፍተውት ነው።»

«ከተሞቹን?»

«የጻፍኩትን። ለብቻው መቆም አይችልም፣ ከቡድኑ ሥር ይግባ ብለው።»

አልተቆጡም። ክፍል ውስጥም ተማሪ መልስ ሲያጣ ይጠብቁ ነበር እንጂ አይቆጡም።

«በል ይሁን» አሉ። «ከምበርላንድ ላይ ነበርን። ተራራውን ላነብ ስል ነው የጠፋብኝ። ሩቅ ነው ካንተ?»

«ሩቅ አይደለም።»

«ታዲያ ሄደህ እየውና ንገረኛ!»

ምን እላቸዋለሁ? መሄድ እችላለሁ፤ የያዘኝ ሰው የለም። የዚያን ዕለት ደብዳቤው ቢመጣስ? እትዬ ጽጌ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ቢጥሉትስ? አገር ቤት ታስሬ ሳለሁ በሩ የት እንደሆነ፣ ቁልፉንም ማን እንደያዘ አውቅ ነበር። እዚህ ቁልፍ የያዘ ሰው አላየሁም፣ መውጣት ግን አቃተኝ። ይህን ለአባቴ ልነግራቸው አፌን ስከፍት አንድ መኪና ጥሩንባውን ነፋብኝ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ የበሩ ዘንግ ተነሳ።

«ማን ነው?» አሉ አባቴ።

«መኪና ነው አባባ። የሚወጣ ሰው ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ጠይቀው እንጂ!» አሉኝ፣ በዚያ በጥቁር ሰሌዳ ድምፃቸው።

ቀና ስል መኪናው መንገዱን ይዟል፤ ዘንጉ ተመልሶ ወርዷል። አባቴ መስመሩ ላይ ሆነው መልሱን ይጠብቃሉ።