ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

እናቴ በሯን አትቆልፍም ነበር። ከፒያሳ ከተነሳች ወዲህ የያዛት አመል ነው። አዲሱ ቤቷ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩም ደህና የብረት በር ነው። እሷ ግን ሲመሽ ገርበብ አድርጋው ትተኛለች። "ሌባ ቢገባስ?" ስላት "ሌባም ቢሆን ሰው ገባ ማለት ነው" ትለኛለች። የምትፈራውን አውቀዋለሁ። በተቆለፈ በር ውስጥ ብቻዋን ሞታ፣ ማንም ሳያውቅላት እንዳትቀር ነው የምትፈራው።

"እኔ ጋ ነይ" ብያት ነበር። ፒያሳ የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅ ስላለኝ ከዚያ መራቅ አልቻልኩም፤ አፍንጮ በር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። "የልጅ ቤት እንግድነት ነው፤ እንግዳ ሆኜ አልሞትም" አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ብትመጣም አንድ አልጋ ላይ ስንራገጥ ነበር የምናድረው። እኔም ምላሴ አያርፍም፣ እሷም አታርፍም።

ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ሳይፈርስ የቀረው እድራችን ብቻ ነበር። እናቴ በወር አንዴ ታክሲ እየቀያየረች፣ ጉልበቷን እየረገመች፣ ፒያሳ ለስብሰባ ትመጣ ነበር። ግን ሰዉ እያነሰ ሄደ። አንዱ መንገዱ ራቀኝ አለ፣ ሌላው አዲሱ ሰፈሬ እድር ገባሁ አለ። በመጨረሻ "እናፍርሰው" የሚል ሐሳብ መጣ። የለቅሶ ድንኳናችንም ከከተማው መግቢያ ላይ ላለ አዲስ ሰፈር እድር ይሰጥ ተባለና ሰዎቹ ተነገራቸው፤ እሺ ብለው ይጠብቁ ጀመር። እናቴ ያን ቀን ከስብሰባው ስትወጣ ጉልበቷን እንኳ ሳትረግም ታክሲ ገባች።

የእድሩ ዳኛ የወሎ ሙስሊም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ሆነው የኖሩ። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መጥተውም ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ጠበቁን። እናቴ ይህን አትረሳም። "ከመበተናችን በፊት አንድ ቀን አብረን እንዋል፤ ምሳ በልተን ድምፅ እንሰጣለን" ያሉትም እሳቸው ናቸው። አስጎብኚ ተገኘ። ወደ ቆላ ወርደን አፈራቸው ባለብዙ ቀለም የሆኑ ኮረብታዎችን አይተን፣ ከኮረብታዎቹ ጀርባ ያለውን ገዳም ተሳልመን፣ ማታ መመለስ ነው። የገዳሙን ስም አልናገርም፤ መነኮሳቱ ጫጫታ አይወዱም።

እሑድ ጠዋት ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ የተከራየነው ኮስተር አውቶቡስ ጋ ተሰበሰብን። ሰው ሲተያይ ጊዜ የለቅሶና የሰርግ ድብልቅ ሆነ። አንዱ ከአትክልት ተራ ሙዝና ብርቱካን አስጭኖ መጥቷል። ምሳው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ሥጋ የሌለበት ነው። ሁሉም ደስ ይል ነበር፣ እናቴ ወደ ላይ ቀና ብላ ኮስተሩ ጣራ ላይ የታሰረውን ድንኳን እስክታይ ድረስ።

"ድንኳን ጭነን ነው የምንዝናናው?" አለች።

"ስንመለስ መንገዳችን ላይ ነው፤ ለሰዎቹ እናወርደዋለን ብለን ነው እትዬ" አሉ ዳኛው።

"ሟርት ነው" አለችና እንደኮረፈች ገባች።

አስጎብኚያችን ጥቁር መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው ነው። ማይኩን ይዞ "ክቡራን እንግዶቻችን" ሲል ከኋላ ያሉት "እርስ በርስ እንግዳ ያደረገንማ የመንገዱ ርቀት ነው" እያሉ ሥራውን አከበዱበት። ቆላው ውስጥ ገብተን ኮረብታዎቹ ብቅ ሲሉ ግን የአራዳ ልጅ ሁሉ ቀልዱን ትቶ ወደ መስኮቱ ተንጠራራ። ሣር የለ፣ ዛፍ የለ፤ አፈሩ ብቻ አንዱ ጋ በርበሬ፣ አንዱ ጋ እርድ፣ አንዱ ጋ አመድ መስሎ ተደራርቧል። አስጎብኚው ዝናብ በጣለ ቁጥር ጅረቱ በቀይ እንደሚፈስ ነገረን።

"ይለቃል ማለት ነዋ" አሉ ዳኛው። "እንዲህ ያለውን ጨርቅ እኔ አልገዛም።"

መኪናው አንድ ግራር ሥር ቆመ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። እናቴ ሽቅቡን አይታ ጉልበቷን ያዘች፤ ዳኛውና ሾፌሩ ከእሷ ጋር ሊቀሩ ሆነ። ፀሐዩ ከወዲሁ ያቃጥላል። ዳኛው "ለጥላ ያህል ድንኳኑን እንትከለው" አሉ።

"እኔ በሕይወቴ ቆሜ ያ ድንኳን አይተከልም" አለች እናቴ። "ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሞትን ና ግባ ማለት ነው።"

"እሺ እትዬ፣ ይቅር" አሉና በግራሩ ጥላ ተቀመጡ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ "ጸበል እንዳትረሺ" አለችኝ። እኔም ሄድኩ።

ገዳሙ ሩቅ ነው። ቀዩን ስንጨርስ ቢጫው፣ ቢጫውን ስንጨርስ ነጩ እየመጣ ግማሽ ቀናችንን በላ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት የተፈለፈለ ትንሽ ነገር ነው፤ በራፉ ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠው ስንመጣ አልደነቃቸውም። ጸበሉን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዱልኝ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ ልንገራችሁ? ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ የኃጢአት ይቅርታ ይለምናል። እኔ "እባክህ፣ እናቴ በሯን ትቆልፍ" ብዬ ነው የለመንኩት። ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረኝም። ሱቄ ተቀምጬ ቁልፍ ስሸጥ እንኳ የማስበው እሱን በር ነው።

ስንመለስ መንገዱ በቀዩና በቢጫው ኮረብታ መካከል ይታጠፋል። ከዚያ ላይ መኪናው የቆመበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኪናውን አየሁት። ግራሩንም አየሁት። ከግራሩ ጎን ነጩ ድንኳን ተተክሏል።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እየተከታተሉ ወደ ድንኳኑ ይገባሉ። የልቅሶው ድምፅ እኛ ጋ ይሰማል። ወንዶቹ ደግሞ ዶማና አካፋ ይዘው ውጪ ቆመዋል። እናቴ በሕይወቷ ቆማ ያ ድንኳን እንደማይተከል ከራሷ አፍ ሰምቼ ነው የሄድኩት። ስለዚህ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። እናቴ ሞታለች።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቀውም። አስጎብኚው ከኋላዬ "እህቴ፣ ቀስ በይ፣ አፈሩ ያንሸራትታል" ይላል። እንዳለውም ተንሸራትቼ፣ ወድቄ፣ ተነስቼ ሮጥኩ። የጠርሙሱ ክዳን ተፈናጥሮ ጸበሉ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፤ እንደፈራችው ሆነ፣ አጠገቧ ሳልሆን ሞተች። ያን ሁሉ ቀን ስለ በር ስጨቃጨቃት ኖሬ፣ እሷ በር በሌለበት ሜዳ ላይ ሄደች።

ዶማ የያዙት ሰዎች ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው መንገድ ለቀቁልኝ። አንዱ "እግዜር ያጽናሽ" አለኝ። የድንኳኑን መግቢያ ይዤ፣ ዳኛው በእጃቸው የጣፉት ሰማያዊ እራፊ ያለበትን ጥግ ይዤ ወደ ውስጥ አየሁ።

እናቴ ከሁሉም ፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ደረቷን እየመታች፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ፣ ከማላውቃቸው ሴቶች መሐል ሆና አሳምራ ታለቅሳለች። ቀና ብላ አየችኝ። "ምን ሆነሽ ነው አፈር በአፈር የሆንሽው? ነጠላሽን አስተካክይና ተቀመጪ፤ ሰዎቹ ከሩቅ ነው የመጡት" አለችኝ።

እግሯ ሥር ተደፋሁ። ቀሚሷን ይዤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሴቶቹ የሟች ልጅ የደረሰች መስሏቸው ልቅሶውን እንደ አዲስ አቀለጡት። እውነት እላችኋለሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም።

ትንፋሼ ሲመለስ "ማነው የሞተው?" አልኳት በጆሮዋ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምታለቅሽው?"

"እያለቀሱ ገቡ። ዝም ብዬ ልያቸው?"

ነገሩን ያስረዱኝ ዳኛው ናቸው። የግራሩ ጥላ ሲሸሽ እናቴን ፀሐይ መታት፤ ራሷን አዞራት። እሳቸው "ሰው ሞቶ ጥላ የሚሰጥ ድንኳን፣ ሳይሞት ቢሰጥ ምን ነውር አለው?" ብለው ከሾፌሩ ጋር ተከሉት። እናቴ እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አልነበራትም። ውሃ ጠጥታ፣ ጋደም ብላ ነፍሷ መለስ ሲል፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ገቡ። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል። ዳኛው ዕድሜ ልካቸውን ለቀስተኛ የተቀበሉ ሰው ናቸውና እግራቸው ራሱ ተነስቶ አስተናገደ።

"እኔማ የእነሱ ሰው ሞቶ፣ ድንኳን አጥተው ወደ እኛ የመጡ መሰለኝ" አሉኝ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ከመንደሩ ሴቶች ትልቋ፣ ረጅም ሴትዮ፣ ይህን ሰሙ። ልቅሶው ከእሳቸው ጀምሮ ቀስ በቀስ ቆመ።

"ሞት የለም?" አሉ።

"የለም" አሉ ዳኛው አቀርቅረው።

ሴትዮዋ ጥቂት አዩን። እኔ የሚሰድቡን መስሎኝ ነበር። "ተመስገን" አሉና ያዘቀዘቁትን ነጠላ አቃንተው ለበሱ። ሌሎቹም ተከትለው አቃኑ። "ንፍሮውን ግን ይዘን አንመለስም" አሉ ቀጥለው። ለካ ንፍሮ ቀቅለው፣ ውሃ በጀሪካን ተሸክመው ነው የመጡት። ወንዶቹም ዶማቸውን ውጪ ጥለው፣ ከኋላዬ የቀሩት የእኛ ሰዎችም ደርሰው ገቡ። የእኛ ምሳ ወጣ፣ የእነሱ ንፍሮ ቀረበ፣ አንድ ላይ ተበላ። አስጎብኚው ሳይቀር አፉን ሞልቶ ይስቃል።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ሴትዮዋን ስታያቸው ቆየችና "እኛን እኮ አታውቁንም። እንዴት መጣችሁ?" አለቻቸው።

"ድንኳን አየን" አሉ። እንደ ቀላል ነገር። "ወደ ጸበሉ በሽተኛ ይመጣል፤ አንዳንዱ እዚሁ ይቀራል። የከተማ ሰው ነው፣ አናውቀውም ተብሎ ብቻውን ይቀበራል?"

እናቴ ንፍሮውን መቆርጠም አቆመች። ሴትዮዋ በተራቸው፣ ሰው ሳይሞትባችሁ ድንኳን ምን ያደርግላችኋል ብለው ጠየቁ። ዳኛው እያፈሩ፣ ሰፈራችን ፈርሶ መበታተናችንን፣ ድንኳኑን ለሌላ ሰጥተን እድሩን ልናፈርስ መሆኑን ነገሯቸው።

"ቤቱስ ይፍረስ" አሉ ሴትዮዋ። "እድሩ ምን ሆነ ብላችሁ ነው?"

አፋችን ንፍሮ ይዟል።

የመንደሩ ሰዎች መርቀውን ሲሄዱ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ የቀጠርነው ጉዳይ አለ። ይፍረስ የምትሉ እጅ አውጡ።" ማንም አላወጣም። ያን ጊዜ እናቴ ተነሳች። ጉልበቷን ይዛ፣ በሰው ፊት፣ ለእኔ እንኳ በቀጥታ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

"እኔ ማታ በሬን ከፍቼ ነው የምተኛው" አለች። "ብሞት የሚያገኘኝ ሰው የለም ብዬ ነው። ጎረቤቶቼ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት፤ ክፋት የለባቸውም፣ አያውቁኝም። ሞትን አልፈራም። ሳልገኝ መቅረትን ነው የምፈራው።" ተቀመጠች።

ብዙ ሰው አቀረቀረ። ለካ በሩን የማይቆልፈው እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ሁለት አሮጊቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በሩን ይቆልፉ እትዬ" አሉ ዳኛው። "እኔ ለሱብሒ ሶላት እነሳለሁ። ከሶላት በኋላ በየቀኑ እደውላለሁ። ካላነሱ ለሰፈሩ ሁሉ እደውላለሁ፤ መጥተን እንሰብረዋለን።"

"የብረት በር ነው" አለች እናቴ።

"እርስዎ ይቆልፉት። መስበሩን ለእኛ ይተዉት።"

ስንመለስ ከከተማው መግቢያ መታጠፊያው ላይ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። "ድንኳኑ እዚህ አይደል የሚወርደው?" አለ። "ንዳ፤ ለሰዎቹ ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አሉ ዳኛው። ነዳ። እናቴ ይህን አልሰማችም፤ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ከብዳኛለች፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው የገባሁት።

ቤቷ አደረስኳት። ከጠርሙሱ የተረፈውን ጸበል ጠጣች፤ ያን ያህል መንገድ ሄጄ ይህን ብቻ በማምጣቴ ተቆጣችኝ። ደህና እደሪ ብዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆምኩ። በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር ሰማሁ።

"ምን ቆመሽ ታዳምጫለሽ?" አለች ከውስጥ። "ሂጂ፣ ታክሲ ያልቅብሻል።"

ሄድኩ።