እየተነዳች የምትሞላ መኪና

ገንዳ ውሃ ከተማ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር የምትበር አንዲት መኪና ቆማ ነበር። ሞተሯ ጠፍቷል፤ ጎማዋ ሥር ዶሮዎች ተጠልለዋል፤ የፍጥነት ጠቋሚዋ መርፌ ግን ሰማንያ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። የሙቀቷ መርፌ ተኝታለች። የናፍጣዋም እንደዚያው። የዘይቱ መለኪያ ጌጅ መስተዋቱ ወድቆ ጉድጓዱ ብቻ ስለቀረ፣ ባለቤቱ መፋቂያቸውን ይሰኩበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ዘርፍ ያለው ቀይ ጨርቅ ዳሽቦርዱን ሸፍኖታል፤ የተሸፈነ ሬሳ ነበር የሚመስለው።

መኪናዋ በናፍጣ የምትሠራ፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ ቫን ናት። ሌላ መኪና የማይደፍረውን የቋራ መንገድ ሰውና ሰሊጥ ጭና ስትመላለስ አርጅታለች። ባለቤቱ አከራዬ ናቸው፤ እሳቸውም አብረዋት አርጅተዋል። እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህርት ነኝና ያልተለካ ነገር አጠገብ መኖር ይከብደኛል። በገባሁ በሳምንቱ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ፍጥነቷን በምን ያውቃሉ?»

«በኋላ በሯ።»

«በበሯ?»

«ሲንኳኳ ደህና ነው። መንኳኳቱን ትቶ መዝፈን ሲጀምር በዝቷል።»

«ሙቀቷንስ?»

አፍንጫቸውን ጠቆሙኝ። ናፍጣዋን ስጠይቅ የተደገፉትን ቀጭን ሽመል ብድግ አደረጉ። ያቺ ዱላ ታንኩ ውስጥ እየገባች ስትወጣ ስለኖረች ጫፏ ጠቁሯል። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ግን ምርኩዝም ሆናለች፤ በሄዱበት ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ነገሩ የከበደው በጉልበታቸው ምክንያት ነበር። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ብሏል። ስለዚህ መኪናዋ ከሁለት አንዱ ትሆናለች፤ ወይ ለሴት ልጃቸው ትሰጣለች፣ ወይ የቀን ሠራተኛ ማመላለሻ ለሚፈልግ የአብርሃ ጅራ ከተማ ሰሊጥ ነጋዴ ትሸጣለች። ነጋዴው «ሰሊጡ ተሰብስቦ ሲያልቅ እመጣለሁ» ብሎ ሄዷል። ልጅቷ እኩያዬ ናት። ጎንደር ሄዳ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያች መኪና ሌላ የምትመኘው ነገር የለም። አባቷ ግን ቁልፉን አይለቁም።

«መኪናዋን የማይሰማ ሰው አይነዳትም» ይላሉ።

«እንግዲያው አፍንጫዎን ያውርሱኝ!» ትላለች።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ጌጅ ማለት አፍንጫ ላልወረሰ ሰው የተሠራ አፍንጫ መሆኑን አስረዳኋቸው። ታንኩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ናፍጣው ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ ሲወርድ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ መርፌዋ ያንን ታነባለች። ከዚያ የሙቀቱን ቀጠልኩ። የዘይቱ ላይ ስደርስ አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?»

«የለም፣ መርፌዬ ወርዳ ነው።»

በመጨረሻ ግን ቃል ሰጡ። ጌጆቹ ይሠሩ። ልጅቷ ተሳፋሪ ጭና የቋራዋ ገለጉ ደርሳ፣ ማንንም በረሃ ላይ ሳታስቀር ከተመለሰች መኪናዋ የእሷ ናት። መንገድ ላይ ከቆመች ግን ለአብርሃ ጅራው ሰው ይደወላል።

ጌጁን ፍለጋ መተማ ዮሐንስ ወረድን። አዛውንቱም «እናንተ ብቻችሁን የሰዓት ጌጅ ገዝታችሁ ትመጣላችሁ» ብለው ተከተሉን። ከሱዳን የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ጀላቢያ የለበሰ ነጋዴ፣ አራቱንም ጌጆች በአንድ ላይ የያዘ ገበታ ከክምር ውስጥ መዝዞ አቧራውን እፍ አለበት። እኔ ገና አፌን ስከፍት መምህርነቴን አወቀብኝ።

«ያ ኡስታዛ፣ ስሚኝ። ይሄ ጌጅ ከታንኩ ተንሳፋፊ ጋር ይነጋገራል። የአንድ እናት ልጆች ካልሆኑ አይግባቡም።» ወደ አዛውንቱ ዞረ። «ታንኩ ተቀይሮ ያውቃል?»

«የኔ መኪና?» አሉ አዛውንቱ፣ ስለ ሚስታቸው የተጠየቁ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው። «እንደተፈጠረች ናት!»

ቅዳሜ ጠዋት ቀዩን ጨርቅ ገፈፍን። ልጅቷ በካቻቪቴ ብሎኖቹን ስትፈታ፣ ከአሮጌው ገበታ ጀርባ ተርቦች ሠርተውት የሄዱት የጭቃ ቤት ተገኘ። ሽቦዎቹ ሁሉ በአቧራ አንድ ዓይነት ቀለም ሆነዋል። እኔ እያንዳንዱን አጽድቼ በፕላስተር ላይ ስሙን ጻፍኩበት፤ በቅደም ተከተልም አሰለፍኳቸው።

«ቲቸር፣ ጨርሰሽ የክፍል አለቃ ምረጪላቸው» አለችኝ።

ቁልፉ ሲዞር አራቱም መርፌዎች ነቁ። የፍጥነቷ ዜሮ ላይ ነበረች፤ ስንት ዘመን ስትበር የኖረች መኪና በመጨረሻ አረፈች። የናፍጣዋ መርፌ ደግሞ ግማሽ ላይ ቆመች። እኔ ያለ ማረጋገጫ አልቀበልም ብዬ የአዛውንቱን ሽመል ተዋስኩና ታንኩ ውስጥ ከተትኩት። ግማሽ! መርፌና ሽመል ሲስማሙ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አዛውንቱ መፋቂያቸው ማደሪያ ማጣቱን ብቻ ነበር የተናገሩት።

ለገለጉ ጉዞ ያችን ግማሽ ታንክ ይዘን ተነሳን። ከተማው ውስጥ የናፍጣው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ገለጉ ላይ ደግሞ ለአዛውንቱ በጀሪካን የሚያስቀምጥላቸው ወዳጅ አላቸው። ለመድረስ ግማሹ ይበቃል አሉ። ጋቢና ውስጥ ልጅቷ መሪው ላይ፣ እኔ መሃል፣ እሳቸው ሽመላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው በሩ ጋ። ከኋላ ተሳፋሪው ጢም ብሏል፤ ከኛ ጀርባ የተቀመጠች አንዲት የሰሊጥ ነጋዴ አንገቷን በመሃላችን አስግጋ አዲሱን ዳሽቦርድ ታደንቃለች።

የማሽላውን ማሳ እያቋረጥን ብዙ ከሄድን በኋላ አዛውንቱ ወደ ጌጁ አዘነበሉ።

«አንች ቲቸር፣ ይቺ መርፌ ከግማሽ አልፋለች?»

አልፋለች። ዳገት ላይ ነን፣ ናፍጣው ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ይሆናል ብዬ አስረዳኋቸው። ሜዳ ላይ ስንወጣ መርፌዋ ይበልጥ ወደ ሙሉ ተጠጋች። የመንገዱ መንገጫገጭ ነው ብዬ ሌላ ማብራሪያ ሰጠሁ። አዛውንቱ ግን የኔን ማብራሪያ አልፈለጉም፤ የራሳቸውን አግኝተዋል። ፊታቸው በራ።

«አየሽ! ሁልጊዜ እላለሁ፣ ይቺ መኪና አትጠጣም። ሰው አያምነኝም!»

«በረከት ነው አባቴ፣ በረከት» አለች ነጋዴዋ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ ለተሳፋሪው አወጀች፤ «ናፍጣው እየጨመረ ነው!»

ከኋላ አንዱ «እንግዲያው ስንደርስ ከከፈልነው መልስ ይሰጡናል!» አለ፤ መኪናዋ በሳቅ ተናጋች።

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ጌጅ የሚባል ነገር አላምንም ያሉት ሰው፣ ጌጁ መኪናቸውን ባሞገሰላቸው ቀን አመኑ። ልጅቷ ብቻ አትስቅም። መርፌዋን ታያለች፣ መንገዱን ታያለች፣ እንደገና መርፌዋን ታያለች። መንገድ ዳር በጀሪካን ናፍጣ የሚሸጥባት አንዲት ትንሽ መንደር ስንደርስ ፍጥነት ቀነሰች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ አባቷ። «ሙሉ ናት እኮ! ካቆምሽ ቆመች ነው የምለው።»

ከቆመች፣ ለአብርሃ ጅራው ሰው ይደወላል። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። እሷ ግን ዳር ይዛ አቆመች፤ ሞተሩንም አጠፋች።

«እየበላ የሚጠግብ አውቃለሁ» አለች። «እየሠራ የሚጠግብ ግን አይቼ አላውቅም። አባዬ፣ ዱላዎን ይስጡኝ።»

«በምኔ ልቆም?»

«በቲቸር።»

ትከሻዬን ይዘው ወረዱ። ልጅቷ የታንኩን ክዳን ከፍታ ሽመሉን ሰደደችው። ወርዶ ወርዶ መሬት እንደነካ ሰው ቆም አለ። ስታወጣው የረጠበው የጥፍር ያህል ብቻ ነበር። መርፌዋ በዚያው ሰዓት ሙሉ ላይ ተኮፍሳ ተቀምጣለች።

ነጋዴዋ እንኳ በረከቱን ዋጠችው። እኔ ነገሩ ሲገለጥልኝ አፌን መያዝ አልቻልኩም። ተንሳፋፊውና ጌጁ የሚነጋገሩት በተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱ ሙሉ የሚለውን ሌላው ባዶ ብሎ ይሰማል፤ ግማሽ ላይ ብቻ ነው የሚስማሙት። እኔና ሽመሉ ደግሞ ያረጋገጥነው ግማሹን ነው!

«ይሄ እንግዲህ የአንድ እናት ልጆች አለመሆናቸው ነው» አልኩ። «ግን ታንኩ ተቀይሮ አያውቅም...»

አዛውንቱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«አባዬ?» አለች ልጃቸው።

«አንድ ጊዜ...» አሉ ቀስ ብለው። «ድንጋይ መትቷት ነበር። የጭነት መኪና ታንክ አሳጥረው በየዱላት። አንች ገና አልተወለድሽም።»

«እንደተፈጠረች ናት አላሉም?»

«ካንች በፊት የሆነ ሁሉ ከፍጥረት ይቆጠራል!»

ከኋላ ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ናፍጣ ተገዝቶ ተቀዳ፤ መርፌዋም ጀሪካኑ በተገለበጠ ቁጥር ወደ ባዶ ወረደች። ነጋዴዋ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ሰጠችን። ልጅቷ ከሽመሉ የተላጠ ቀጭን ስንጥር ቀለሙ ውስጥ ነክራ፣ በጌጁ መስተዋት ላይ «ሙሉ» የሚለውን ከታች፣ «ባዶ» የሚለውን ከላይ ጻፈች። ከዚያ መሪው ላይ ተቀምጣ፣ ቁልፉን ሳትነካ አባቷን ጠበቀች። ቃላቸው ቃል ነበርና፤ መኪናዋ በመንገድ ላይ ቆማለች።

አዛውንቱ ጋቢና ወጥተው፣ ሽመላቸውን ተቀብለው፣ በሩን ዘጉ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው በቆላ ፀሐይ ይቀቀል?»

«ቆማለች እኮ አባዬ።»

«አልቆመችም። አንች ነሽ ያቆምሻት። ይለያያል።»

ገለጉ ደርሰን ተመለስን። መመለሻው ላይ ስለ ጌጁ አንድም ነገር የማስረዳት ዕድል አላገኘሁም፤ ለአዲሶቹ ተሳፋሪዎች ተንሳፋፊው እንዴት እንደሚወርድ፣ ኤሌክትሪኩ እንዴት እንደሚለወጥ፣ መርፌዋ ለምን በተገላቢጦሽ እንደምትነበብ አዛውንቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዷቸው። ያን ጊዜ ተኝተው አልነበረም ማለት ነው።

ሰሊጡ ተሰብስቦ የአብርሃ ጅራው ነጋዴ ሲመጣ ልጅቷ ወደ ገለጉ ልትነሳ ተሳፋሪ እየጫነች ነበር። ሰውየው ጋቢናውን ከፍቶ ዳሽቦርዱን ተመለከተና መርፌዋ ታች መውረዷን አይቶ፣ ቀዩን ጽሑፍ ሳያስተውል ራሱን ነቀነቀ።

«ባዶ ናት» አለ።

አዛውንቱ ሽመላቸውን ተደግፈው እስከ በሩ ሄዱና ቀስ ብለው ዘጉት።

«ሂድ ልጄ» አሉት፣ «አንተ አታነባትም።»