ፕላዝማውን ሊያዩ የመጡት ተቆጣጣሪ

ዛሬ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ እውነት በመናገሯ ወላጅ አምጪ ተባለች።

የማስተምረው አጋሮ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የሳተላይቱን ትምህርት የሚያሳየው የክፍላችን ፕላዝማ ከተበላሸ ቆይቷል። የፕላዝማው በጀት ግን እንደሚሠራ ተቆጥሮ ይመጣል።

ጠዋት አንድ ተቆጣጣሪ ከዳይሬክተራችን ጋር ክፍል ገቡና "ፕላዝማው ለምንድነው የጠፋው?" ብለው ጠየቁ።

"መብራት ሄዶ ነው" አለ ዳይሬክተሩ። (አምፖሉ ከራሱ በላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነበር።)

ያቺ ተማሪዬ ፎዚያ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ መብራትስ አለ። እኛ እዚህ ክፍል ከገባን ወዲህ ግን ፕላዝማው ሠርቶ አያውቅም፣ ወላሂ።"

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞሩ። "እውነቷን ነው" አልኳቸው።

እሳቸውም "እኔ የተላክሁት ፕላዝማው መኖሩን እንዳይ ነው፤ መሥራት አለመሥራቱ ሌላ ቢሮ ነው የሚመለከተው" ብለው ወጡ።

ከእረፍት በኋላ ፎዚያ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠርታ ወላጅ አምጪ ተባለች። ስትመለስ ያስለቀሳት ግን ቅጣቱ አልነበረም። "ቲቸር፣ ማትሪክ ላይ ፕላዝማ ካላቸው ልጆች ጋር እኩል ነው የምንፈተነው፤ እኛ ምን ልንሆን ነው?" አለችኝ።

ቡና ነጋዴ ለሆኑት አባቷ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው።

"ዋሽታ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እመጣ ነበር፣ መምህር። አሁን ግን ቀና ብዬ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" አሉኝ።

ነገ ዳይሬክተሩ ቢሮ አብሬያቸው እገባለሁ።

እናንተ ጋስ? ልጆቹ ምን እየተማሩ እንደሆነ ክፍል ገብቶ የጠየቀ ተቆጣጣሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ አውሩኝ።