ቁጥር የሌላት ቀይ መኪና

የኤርሜቴ ዙባኒን ጣቶች ያየ ሰው፣ እንኳን ትንሽ መኪና እውነተኛውንም የጭነት መኪና ሳይሰብር ይይዛል ብሎ አያምንም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተው እያንዳንዳቸው ቋሊማ አክለዋል። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው ሰዓት ሸለመው፤ ማሰሪያው አንጓው ላይ አልደርስ ብሎ አውራ ጣቱ ላይ አሰረው ይባላል።

በእነዚህ ጣቶች ነው እንግዲህ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ የብረት መኪና ወስዶ ከመሪዋ ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ የዘይት መለኪያ የሚስለው። የመለኪያው ቀስት ሳይቀር! ብሩሹ አንድ ፀጉር ብቻ እንዳለው፣ ያንንም ፀጉር ሚስቱ ተኝታ ሳለ ከቅንድቧ ነቅሎ እንደወሰደው የጣሊያኗ ከተማ ብሬሻ በሙሉ ያወራል።

"ውሸት ነው" ትላለች ሚስቱ ዴልፊና። "እሱ ቅንድብ እንዳለኝም አያውቅ።"

ኤርሜቴ ከሱቅ የገዛትን መኪና እንዳለች አያስቀምጥም። ምድር ቤት ይዟት ይወርዳል፤ ይፈታታታል፤ የፋብሪካውን ቀለም በአሴቶን ያስለቅቃል። ከዚያ የሽቦ ቸርኬ ይሠራላታል፤ ከአሮጌ የእጅ ጓንት ቆዳ ቆርጦ ወንበር ያለብሳታል፤ የጭስ ማውጫዋን ጫፍ በሻማ ጥላሸት ያጠቁርላታል። በመጨረሻ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ኮፈኗ ላይ በነጩ ክብ ውስጥ ቁጥሯን ይጽፋል።

ቁጥሩ ላይ ቀልድ የለም። ብሬሻ የተወለደ ሰው በአሮጌ የውድድር መኪና ላይ ቁጥር ሲያይ ሰዓት ነው የሚያነበው። ያኔ የሺህ ማይሉ ውድድር ከከተማዋ ሲነሳ መኪኖቹ በየደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ይወጡ ነበር፤ ኮፈናቸው ላይ የተጻፈውም የተነሡበት ሰዓት ነው። 528 ከሆነ፣ አምስት ከሃያ ስምንት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ገና ጎህ ሲቀድ። አንድ የሞዴል ፋብሪካ ቁጥር አሳስቶ የለጠፈ እንደሆነ የኤርሜቴ ጩኸት ከቡና ቤቱ አልፎ ካቴድራሉ ደወል ድረስ ይሰማል።

"ይቺ ጎህ ሲቀድ ነው የተነሳችው! እነዚህ ደንቆሮዎች ከቁርስ በኋላ አስነሷት! ሹፌሩ እስከዚያ ምን ሲሠራ ነበር? ጢሙን ሲላጭ?"

"ቁጥሯ ቢሳሳትም ሳጥኗ አልተከፈተም" ይላል ፋውስቲኖ፣ ፒርሎ የሚሉትን መራራ የወይን መጠጥ እየተጎነጨ። "ዋጋ ያለው እሱ ነው።"

ፋውስቲኖ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት መኪኖች አሉት፤ ሁሉም ከነሳጥናቸው፣ ከነማሸጊያቸው። ሙሽሪቱንም ቬሏን ሳይገልጥ ሠላሳ ዓመት እንዳቆያት የሚያወሩ አሉ። የሃያ አራቱንም ውድድሮች የመነሻ ዝርዝር በቃሉ ያውቃል። የልጆቹን ልደት ይረሳል እንጂ ስድስት ከአሥራ አምስት ላይ ማን እንደተነሳ አይረሳም።

"አንተ የምትሰበስበው መኪና አይደለም፣ ካርቶን ነው" ይለዋል ኤርሜቴ።

"አንተ ደግሞ ሰብሳቢ ሳትሆን ነፍሰ ገዳይ ነህ። በአሴቶን ትገድላለህ፣ በቀለም ትገንዛለህ።"

ይሄን ጨዋታ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይጨመርበት ተጫውተውታል።

ኤርሜቴ እጁን ያላሳረፈባት አንዲት መኪና ብቻ ነበረች። ከዴልፊና የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹና ከክሩ መሀል የምትኖር ቀይ መጫወቻ። እንደ እርሳስ ከለሰለሰ ርካሽ ብረት የተሠራች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ቁጥሯ የነበረበት ወረቀት የወለቀ፣ አፍንጫዋ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ። የልጃቸው የቲዚያኖ ነበረች። ቲዚያኖ በአምስት ዓመቱ፣ ከሆስፒታል ሳይመለስ የቀረው፣ የዛሬ አርባ ዓመት ነው።

ዴልፊና ክር ፍለጋ መሳቢያውን ስትከፍት አውራ ጣቷን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ታሳርፋለች። ለአፍታ ነው። ከዚያ ትዘጋዋለች። ኤርሜቴ ይህን አርባ ዓመት በዓይኑ ጥግ ሲያይ ኖሯል፤ ተጠያይቀው ግን አያውቁም። ስለ ልጁ አያወሩም ነበር። ልጁ በሞተበት ሰዓት ኤርሜቴ ፈረቃ ላይ ነበር፤ ሲደርስ ሁሉም አልቆ፣ አልጋው ተነጥፎ አገኘው። "ስንት ሰዓት ላይ?" ብሎ ለመጠየቅ ያኔ አፍ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት መሰለው። እነሆ፣ አርባ ዓመት።

የተጋቡበት አምሳኛ ዓመት ሲቃረብ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሴትዮዋ ያቺን መኪና ባየች ቁጥር ፊቷ የሚጨልመው ስላረጀች፣ ስለተላላጠች መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ዓለምን ሁሉ በቀለም የሚያድን ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል?

ዴልፊና እህቷን ልትጠይቅ ወደ ሐይቅ ዳር ለሦስት ሳምንት ስትሄድ መኪናዋን ከመሳቢያው አወጣ። እድሜውን ሙሉ እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም። ቀለሙን አስለቀቀ። አፍንጫዋ ላይ የነበሩትን አራት ጉድጓዶች ጠርዝ ጠርዛቸውን በሞረድ አለሰለሰ፤ ስቱኮ ሞላባቸው፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ እስኪለሰልሱ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ። ሰባት ጊዜ ቀባት። የቀለሟ ቅላት የትራፊክ መብራትን የሚያሳፍር ነበር። ክቡን ነጭ አድርጎ ሣለ፤ ቁጥሩን ግን ተወው። የቱን ቁጥር ትይዝ እንደነበር አላስታወሰም፤ በግምት ደግሞ እሱ ቁጥር አይጽፍም።

በበዓሉ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ጥብሱና ፖሌንታ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ሲነሳ፣ በጨርቅ የተሸፈነችውን መኪና ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጨርቁን ገለጠ።

ዴልፊና በመጀመሪያ አላወቀቻትም። ፈገግ አለች። ከዚያ አነሳቻትና አውራ ጣቷን አፍንጫዋ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ወዲያ ወዲህ አለ። ፈለገ። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ተረስቶ ቀረ።

"ኤርሜ" አለች። "ጥርሱስ?"

"የምን ጥርስ?"

"የልጄ ጥርስ የት ሄደ?"

ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሰማው። ሆስፒታል መርፌ ሲወጉት ቲዚያኖ መኪናዋን ይነክስ ነበር። እንዳይጮህ። ዴልፊና ናት ያስለመደችው፤ "ንከሳት የኔ ጌታ፣ እሷ አያማትም" እያለች። አራቱ ጉድጓዶች የዚያ ናቸው። ይህን ሁሉ የነገረችው ድምጿን ሳታነሳ ነው፤ እንደ ገበያ ዝርዝር። ከዚያ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

ኤርሜቴ ኮቱን ሳይደርብ ወጣ።

ቡና ቤት ሲደርስ ፋውስቲኖ "ነፍሰ ገዳዩ መጣ!" ብሎ ጀመረ፤ ፊቱን ሲያይ ግን ዋጠው። ኤርሜቴ ሁሉንም ነገረው። ፋውስቲኖ ፒርሎውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ቢጫ የካርቶን ሳጥን ይዟል፤ ያቺኑ ዓይነት መኪና፣ ከነማሸጊያዋ። ጠረጴዛው ላይ አኖራትና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሸጊያ ቀደደ። ከባንኮኒው ጀርባ የነበረችው ሴትዮ አማተበች።

"እንካ" አለ። "ያችው ብረት ናት። ንከሳት።"

ኤርሜቴ መኪናዋን አየ። ጓደኛውን አየ።

"በማን ጥርስ፣ ፋውስቲኖ?"

ፋውስቲኖ ወደ ተቀደደው ካርቶን አቀረቀረ። "እውነትህን ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ያለኝ ደግሞ ሰው ሠራሽ ነው።"

ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ ኤርሜቴ ግን መሀል ላይ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በእነዚያ ትላልቅ ጣቶች ሸፈነ።

ቤት ሲገባ ዴልፊና ኩሽና ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። መኪናዋ ፊት ለፊቷ ናት።

"ስቱኮ ነው የሞላሁበት" አላት። "ስቱኮ ደግሞ ይወጣል።"

"ታዲያ አውጣዋ።"

አጉሊ መነጽሩንና መርፌውን ከነቀለም ሳጥኑ ከምድር ቤት አመጣ። እሷ መብራቱን ያዘችለት። በሰባት ሽፋን ቀይ ቀለም ውስጥ ቆፈረ፤ ስቱኮው እንደ ዱቄት ረገፈ። የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ሆነ፤ ሞረዱ ጨርሶታል። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ጭረት የመሰለ ነገር አለ፤ የጥርስ ይሁን የሞረድ አይለይም። አራተኛው ጥግ ላይ፣ ሞረዱ ያልደረሰበት፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል አንዲት ጎድጓዳ ቀርታለች።

ዴልፊና አውራ ጣቷን ላስገባ አለች። ጣቷ ለጉድጓዷ ትልቅ ነበር። በትንሿ ጣቷ ሞከረች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ይቺ የላይኛው ጥርሱ ናት" አለች።

"ይቅር በይኝ።"

"አላወቅህም።"

"አልጠየቅሁማ!"

ኤርሜቴ ባዶውን ነጭ ክብ አየ። ብሩሹን አነሳ፤ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረው፤ እጁን አየር ላይ አቆመው። አርባ ዓመት የዘገየ ጥያቄ ከጉሮሮው ሲወጣ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

"ስንት ቁጥር ልጻፍ፣ ዴልፊና?"

እሷም የብሬሻ ልጅ ናት። ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። መስኮቱን አየች።

"ስድስት ከአርባ አንድ" አለች። "ወፎቹ መጮህ ጀምረው ነበር። አባባ መጣ ወይ አለኝ። እየመጣ ነው አልኩት።"

ስድስቱን ጻፈ። አራቱን ሲጽፍ ብሩሹ አዳለጠውና ጠመመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠርጎ፣ ቀብቶ፣ እንደገና ይጀምር ነበር። አንዱን አጠገቡ አቆመና ብሩሹን አስቀመጠ። ዴልፊና መኪናዋን ልታነሳ ስትል "ቆይ፣ አልደረቀም" አላት። አብረው ተቀምጠው እስኪደርቅ ጠበቁ።

ከሳምንት በኋላ ፋውስቲኖ መቼም አላስቻለውም።

"በመጨረሻ ስንት ቁጥር ሰጠሃት?"

"ስድስት ከአርባ አንድ።"

ፋውስቲኖ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ሃያ አራቱን ዝርዝሮች አንድ በአንድ በአእምሮው አገላበጠ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ተሳስተሃል" አለ። "በዚያ ሰዓት እንደዚያች ዓይነት መኪና አልተነሳችም። የለችም።"

"ነበረች" አለ ኤርሜቴ። "እኔ ነኝ ያልነበርኩት።"