ለሰኞ የታሰረ ትከሻ

አምባሯ ገና የሙሽራ ነው፤ ጥፍሯ ግን ከሥሩ ተከርክሟል። ፊቷን በሻሽ ሸፍና ከአማቷ ኋላ ወጌሻው ራምሜሀር ፊት ተቀመጠች።

«ስታልባት የቤት ጎሻችን ረግጣት ነው» አሉ አማቲቱ።

ራምሜሀር ትከሻዋን ዳሰሰ። ጎሽ እንዲህ አይጠመዝዝም። ሻሹ ሸርተት ሲል ጆሮዋ ታየው፤ አብጦ፣ ተጨማዶ ጠጥሯል። ሠላሳ ዓመት የትግል ተወዳዳሪዎችን ያሸ ሰው ይህን በትግል የተፈተገ ጆሮ አይስተውም።

«እትዬ፣ ዘይቱን አሙቃ እንድትሰጥዎ ምራቴን ይጠይቁልኝ» ብሎ አማቲቱን ወደ ጓዳ ላካቸው።

«ለውድድሩ ሚዛን የምትወጪው መቼ ነው?»

«ሰኞ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካሸነፍኩ ባቡር መሥሪያ ቤት ለትግል ቡድኑ ይቀጥረኛል። እነ አማቴ ትግሉን የተውኩ ነው የሚመስላቸው፤ ሰኞ እናቴን ልጠይቅ ነው ብያቸዋለሁ።»

«በዚህ ክንድ በሁለት ወር ሊጥ ካቦካሽ ተመስገን በይ።»

«አባባ፣ ከማሊያው ሥር እንዳይታይ አድርገው ይሰሩልኝ።»

«ልጄ፣ ተጋጣሚሽ ገና ስትይዝሽ ይወልቃል።»

«አውቃለሁ።»

የአማቲቱ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ቢነግራቸው የቀረላትን አንድ በር እሱ ራሱ ሊዘጋባት ነው። ራምሜሀር ዘይቱን ተቀብሎ አመሰገነ፤ ከማሰሪያ ጨርቆቹም ቀጭኑን መረጠ።