በበረዶው ፊት የቆሙ አባት

ከሐይቁ የተነሳው ንፋስ በረዶ ይዞ ሲደርስ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የነበረው ሰው ሁሉ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ገባ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ውሃው ዳር ቀሩ። ጭንቅላታቸው ላይ ባዶ ማዳበሪያ አጥልቀዋል፤ ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሐይቁን ይቀርጻሉ።

«አባባ፣ ቲክቶክ ጀመሩ እንዴ?» አለች ዓሣ የምትበልት ሴት። ከጣሪያው ሥር ሳቅ ተሰማ።

«ለባለቤቴ ነው» አሉ ዞር ሳይሉ። «ልጃችን መረብ ሊጥል እንደወጣ አልተመለሰም። ባለፈው ክረምት ‹ገብቷል› ብዬ የድሮ ቪዲዮ ብልክላት ነቃችብኝ። ከዚያ ወዲህ ማዕበሉንና ልጁን ሳይቋረጥ በአንድ ላይ ካላየች አታምነኝም።»

ሳቁ ቆመ። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሐይቁ ነጭ ሆኖ ከሰማዩ አይለይም። ሽማግሌው አንድ እጃቸው ሲደነዝዝ በሌላው እየያዙ ስልኩን ከፍ እንዳደረጉ ቆዩ። እግራቸው ሥር በረዶው ተከምሯል።

በመጨረሻ አንዲት ጀልባ ከነጩ ውስጥ ብቅ አለች። ልጃቸው ይቀዝፋል፤ ጓደኛው በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እየጨለፈ ያወጣል።

«ቀና በልና ፈገግ በል» ሲሉ ተጣሩ። «የምታይህ እናትህ ናት።»

ልጁ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ፈገግ አለ።

ሴትዮዋ ወጥታ ሻርፗን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። «እርስዎም ይግቡበት እንጂ። ስልኩን ይስጡኝ፣ እኔ ልቅረጻችሁ።»

«ይቅር፣ ልጄ» አሉ ፊታቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «የእኔን ፊት ካየች እንዴት እንደዋልን ታውቃለች።»